የሃዳ ቦሩ ዳቦ ቤት ሠራተኞች

ጡረታ የወጣሁት ወድጄ አይደለም። ሐኪሙ ደረቴን ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ፣ "አባባ፣ የዱቄት ብናኝ ሳንባዎን ጎድቶታል፤ ከእንግዲህ ዳቦ ቤት ባይገቡ ይሻላል" አለኝ። "ከብናኙ ጋር እስከ ዛሬ ተስማምተን ነው የኖርነው" ብዬ ብቀልድ አልሳቀም። መድኃኒት ጻፈልኝና ሸኘኝ።

የስንብቴ ቀን ሠራተኞቹ ሻይና ለስላሳ አዘጋጅተው ከምድጃው ፊት ለፊት ወንበር ሰጡኝ። በቅርቡ የተቀጠረ አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና፣ "ጋሼ፣ ይሄ ዳቦ ቤት ከዋታ ሰፈር ሰው የሚቀጥረው በየትኛው ድርጅት ፕሮጀክት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የማንም ፕሮጀክት አይደለም።"

"ታዲያ መንግሥት አዞ ነው?"

"ማንም አላዘዘንም። አንዲት ሴትዮ ናቸው አስበው የጀመሩት።"

እንዳላመነኝ ከፊቱ አየሁ። እኚያን ሴትዮ፣ ሃዳ ቦሩን፣ አላወቃቸውምና አልፈረድኩበትም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። በዚያ ዳቦ ቤት ካረጁት መካከል እኔ አንዱ ነኝ፤ የማስታውሰውን ካልጻፍኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁሉም ሰው ነገሩ ከአንድ ቢሮ በደብዳቤ የመጣ ይመስለዋል።

የተወለድኩት ወሎ ነው። ነገሌ የመጣሁት በወታደርነት ሲሆን፣ ከጠመንጃው ይልቅ ሊጡን ነበር የማውቀው። ጦር ሰፈሩ የራሱ ዳቦ መጋገሪያ ነበረውና እዚያ ተመደብኩ። ሚስት ያገባሁትም እዚሁ ነገሌ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ። እንደ ብዙዎቹ ተሐድሶ ገብቼ ወጣሁና ወደ ባለቤቴና ወደ ልጆቼ ተመለስኩ። ከተማው በዚያን ጊዜ የድሮ ወታደር አይፈልግም ነበር። በየሱቁና በየመጋዘኑ ሥራ ስጠይቅ፣ "የድሮው ሠራዊት ነህ?" ይሉኛል፤ አዎ ስላቸው ሥራው ያልቃል።

ሃዳ ቦሩ ያን ሰሞን የሟች ባላቸውን የጨው መጋዘን ወደ ዳቦ ቤት ለመለወጥ ግንበኛ አስገብተው ነበር። ሃዳ ቦሩ የመጠሪያ ስማቸው አይደለም፤ ቦረና እናትን በበኩር ልጇ ስም ስለሚጠራ "የቦሩ እናት" ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚሁ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት መጀመሪያ ወንበር ይሰጠዋል። እኔንም አስቀመጡኝ።

"ምን ትሠራ ነበር?"

"የጦር ሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበርኩ።"

"ሰው ሊበላው ያልቻለ ዳቦ ጋግረህ ታውቃለህ?"

"ብዙ ጊዜ" አልኳቸው።

ሳቁና፣ "እንግዲያው ጋጋሪ ነህ። ግንበኛው ምድጃውን የት እንደሚሠራ አሳየው" አሉኝ። የቅጥር ውላችን ይኸው ነበር።

የነገሌ ሙቀት ሊጥን ያቻኩለዋል። ደጋ ላይ ቀስ ብሎ ኩፍ የሚለው ሊጥ እዚህ ዞር ብለህ ስትመለስ ከገበታው ፈስሶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ውሃውን አስቀድመን በእንስራ እናቀዘቅዛለን፣ እርሾውን እንቀንሳለን፣ ከደጋው ከቦሬ በኩል የመጣ ዱቄት ሲሆን ደግሞ ውሃ በብዛት ስለሚጠጣ በእጅ እየነካን እንለካለን። ምድጃው በግራር እንጨት ነው የሚነደው። ፍሙ ተጠርጎ ወጥቶ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ ሙቀቱን ለማወቅ እፍኝ ዱቄት እንበትናለን፤ ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ እንጠብቃለን፣ ቀስ ብሎ ከቀላ ሊጡን እናስገባለን። ይህን ሁሉ ለሃዳ ቦሩ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተማሩ በኋላ ግን ከእኔ ይልቅ ጥብቅ ሆኑ። የመጀመሪያውን ዳቦ ራሳቸው አውጥተው ሆዱን በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ባዶ ቆርቆሮ የተመታ ያህል ከጮኸ በስሏል። ከዚያ በእጃቸው ቆርሰው ያሸቱታል፣ ለእኛም ያድሉናል። ሁላችንም ቆመን ሳንበላ መሸጫው አይከፈትም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሲሳሳቱ፣ የተሳሳቱበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ስህተታቸውን ባዩት ሰዎች ፊት "ተሳስቻለሁ" ይላሉ። እኔ ያደግኩበት ሠራዊት ውስጥ አዛዥ እንዲህ ሲል አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር።

ዳቦ ቤቱ ቆመ፣ ሰፋም። ሆቴሎች ሁሉ ከእኛ ይገዙ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምድጃው በርዶ ትሪ ስንፈገፍግ ሃዳ ቦሩ ጠሩኝ።

"ሦስት ሰው ያስፈልገናል ብለሃል።"

"አዎ።"

"ሁለቱን አንተ ፈልግ። አንዱን እኔ ከዋታ ሰፈር አመጣለሁ። ከዚህ በኋላም ሁልጊዜ ስንቀጥር እንዲሁ ነው የምናደርገው።"

ስለ ዋታዎች የማውቀው ጥቂት ነበር። ከከተማው ዳር ይኖራሉ፤ አባቶቻቸው አዳኞች ነበሩ፤ እነሱ ማርና እንጨት ይሸጣሉ። ቋንቋቸውም መልካቸውም ከቦረናው አንድ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ከሩቅ የመጣ ሰው ማን ዋታ እንደሆነ መለየት አይችልም። የአገሩ ሰው ግን ያውቃል። በዚያ ዘመን ብዙው ሰው ከእነሱ ጋር በአንድ ጣሳ አይጠጣም፣ በአንድ ገበታ አይቀርብም፣ አይጋባም። እንጨት ሻጭ ሴት ውሃ ስትለምን ጣሳውን ሳይሰጧት ከላይ እጇ ላይ ሲያፈሱላት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሃዳ ቦሩ ነገሩኝ።

"ትምህርት ቤት ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጥ የዋታ ልጅ ነበረች" አሉ። "ሒሳብ ለእኔም አይገባኝም፣ ለእሷም አይገባትም። እኩል ደካሞች ነበርን። እኔ እስከ ስምንተኛ ደረስኩ፣ ነጋዴ አገባሁ፣ ይኸው ዳቦ ቤት አለኝ። እሷ ውሃ የምትጠጣበት ጣሳ የሚሰጣት ስላጣች ትምህርቷን ተወች። ባሌ በሕይወት ሳለ ይህን ነገር አንስቼለት ነበር፤ 'ከወንድሞቼ ጋር አታጣዪኝ' አለኝ። አሁን የምጣላው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ከሰፈሩ በጣም ጎበዝ የተባለውን እንምረጥ፤ ሰው አፉን እንዲይዝ" አልኳቸው።

"ለምን ጎበዝ? የሌላው ሰው ልጅ መካከለኛ ሆኖ ሥራ ያገኝ የለም እንዴ? እነሱ ብቻ ናቸው ከሰው ሁሉ በልጠው መገኘት ያለባቸው? አንተስ መጀመሪያ የጋገርክልኝን ዳቦ ረሳኸው?"

አልረሳሁትም። መሀሉ ጥሬ ነበር።

ዳኪን ያገኟት ከእንጨት ሻጮቻችን መካከል ነው። ያን ጊዜ ሃያዎቹን የጀመረች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ ሴት ነበረች። ሃዳ ቦሩ ሲነግሯት መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። የምራቸውን መሆኑን ስታውቅ፣ "ሃዳ ቦሩ፣ ሰው ዳቦ መግዛት ያቆማል" አለቻቸው።

"እሱ የእኔ ጭንቀት ነው። አንቺ ትፈልጊያለሽ ወይ?"

ወደ ቤቷ ሄደች። እናቷ ከልክለዋት ነበር፤ ልጄን ሰው ፊት አታዋርዱብኝ ብለው። ሳምንት ያህል ቆይታ ነጠላዋን አገልድማ መጣች።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ሁለት የከተማው ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሽርጡን ፈትቶ ትሪው ላይ አኖረና ወጣ። ሌላው ቆየ፣ ግን ግድግዳው ጥግ ሄዶ ነው የቆመው። ዳቦው ወጣ። ሃዳ ቦሩ እንደ ልማዳቸው ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለዳኪ ዘረጉላት። ዳኪ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

"እኔ ውጭ ሆኜ እበላለሁ" አለች በኦሮምኛ።

ሃዳ ቦሩ አላግባቧትም። "ቶሌ፣ እሺ" አሉና ዳቦውን እንደያዙ ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ጥግ የቆመውም ሰው ግራ ገብቶት ወጣ። መንገድ ዳር፣ ግንቡን ተደግፈን፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያየን ከአንድ ዳቦ በላን። ዳኪ ቁራሿን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ነበር የምታኝከው። ምን ይሰማት እንደነበር አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ስጠይቃት፣ "ዳቦው እንዳያንቀኝ ፈርቼ ነበር" አለችኝ።

ወሬው በዚያው ቀን ከተማውን ዞረ። ከደንበኞቻችን ትልቁ የሆቴል ባለቤት አቶ ገልገሎ ነበሩ። ሃዳ ቦሩን ያከብሯቸዋል፤ ሲመጡም በአክብሮት ነበር።

"ሃዳ ቦሩ፣ አካም? ናጋ ነው?"

"ናጋ ነው።"

"የሚወራው እውነት ነው? ሊጡን ትነካለች?"

"ታቦካለች፣ ታድበለብላለች፣ ትጋግራለች።"

"እኔ ምንም የለብኝም። እንግዶቼ ናቸው የሚጠይቁት። እንጨት ትሸከም፣ ግቢ ትጥረግ። ደመወዟም አይቀነስ። እንዲህ ቢሆን ለሁላችንም ይቀላል።"

"እንጨት መሸከሙንማ እኔ ሳልቀጥራትም ስትሠራው ነበር" አሉ ሃዳ ቦሩ።

አቶ ገልገሎ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወደራ በመኪና የሚመጣ ዳቦ ይገዙ ጀመር። ሌሎችም ተከተሉ። ከገጠር ደግሞ የሃዳ ቦሩ የጎሳ ሽማግሌዎች መጡ። ከእነሱ መካከል ኦቦ ዲዳ የሚባሉ፣ በዳኝነታቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሃዳ ቦሩ ውሃ ሲያቀርቡላቸው ኦቦ ዲዳ ጣሳውን መለስ አደረጉት። "ይህን ቤት እስክታስተካክዪ ከዚህ አልጠጣም" አሏቸው። ሃዳ ቦሩ ጣሳውን አንስተው ራሳቸው ጠጡ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ደጁ ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ አይቻለሁ። ሃዳ ቦሩ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ኦቦ ዲዳን እንደ አባት ነበር የሚያዩዋቸው።

ዳቦ ይተርፍ ጀመር። ዳቦ ቤቱ እንዳይዘጋ ያደረጉት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የወታደር ሚስቶች ናቸው። አዲሱ ሠራዊት በገባበት በጦር ሰፈሩ ዙሪያ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ሰፈሩን ስለማውቀው በቅርጫት ይዤ ሄድኩ። ሃዳ ቦሩ ግን ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አዘዙኝ፤ ማን እንደሚጋግረው ከጠየቁህ አትደብቅ አሉኝ። አንዲት የወላይታ ሴት ዳቦውን ጨብጣ እያየች፣ "ከተማ ውስጥ የሚወራው ዳቦ ይሄ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ትኩስ ነው?" አለች። ትኩስ ነበር። ገዛች፤ ጎረቤቷንም ጠራች። እንዲህ እንዲህ እያልን ወራቱን አለፍን።

ዳኪ ሥራውን የለመደችው እንደማንኛውም ሰው ነው። መጀመሪያ ሊጡን ታሽ የነበረው በጣቷ ጫፍ ነበር፤ በመዳፏ ሥር እየገፋች እንድታጥፈው ለማስተማር ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። አንድ ቀን ሙሉ ትሪ አሳረረች። አለቀሰች። ሃዳ ቦሩ ያረረውን ዳቦ አይተው፣ "የታደሰ ከዚህ ይብስ ነበር" ብለው ሄዱ። ታደሰ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዳኪ ቀና ብላ ማየት ጀመረች፤ ለእኔም መልስ ትሰጠኝ ጀመር። ሰው አሠልጥኖ ማውጣት ደስ እንደሚል የገባኝ በእሷ ነው። ሊጥ ስታድበለብል ሁለቱ እጆቿ በየፊናቸው ሲዞሩ፣ ከሁለቱም ሥር እኩል የሆነ ድቡልቡል ሲወጣ ቆሜ አይ ነበር።

ሃዳ ቦሩም ቃላቸውን አላጠፉም። ሰው በተቀጠረ ቁጥር አንዱ ከዋታ ሰፈር ይመጣል፤ ደመወዙም ከሌላው እኩል ነው። ከነዚህ አንዱ ሮባ ነበር። ሳቂታ፣ ዘፈን የሚወድ፣ ምድጃ ላይ እሳት የማይፈራ ሰው። ከዳኪ ጋር ሲቀላለዱ ደንበኞች ዳቦ ገዝተው ሳይሄዱ ቆመው ይሰሟቸው ነበር። ነገሌ ቀስ በቀስ እየለመደን መጣ።

ከዚያ የሜጋው ነገር መጣ። በሥራ ዘመኔ ከባዱ ውድቀታችን ይህ ነው።

ሜጋ ትልቁ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሃዳ ቦሩ እዚያ ሁለተኛ ዳቦ ቤት ከፈቱና ሮባን ኃላፊ አድርገው ሾሙት። እኔ ምድጃውን አሠርቼ፣ ሥራውን አስጀምሬ እንድመለስ ነበር የተላክሁት። የሃዳ ቦሩ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ዋታ ተቀጣሪ ብቻ ሳይሆን አለቃም ይሁን ነው። ሮባም ሲሾም "እሺ" አለ። ለእሳቸው እምቢ የሚል ሠራተኛ አልነበረም።

ሜጋ ውስጥ ሃዳ ቦሩን በቅርብ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ስማቸው እዚያ አይሠራም። የወታደር ሰፈርም የለ። የመኪና ሾፌሮች ይገዙናል፣ ግን ዛሬ ገዝተው ነገ ሞያሌ ናቸው። የከተማው ሰው በደጃችን እያለፈ ወደ ውስጥ ያያል፣ ይሄዳል። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ የማያውቁት ሰው ድንገት መጥቶ ከለመዱት ነገር ውጡ ስላላቸው ነው። ውሃ በአህያ የሚያመጡልን ሰዎች አንድ ቀን መጡ፣ አንድ ቀን ቀሩ፣ በኋላ ጭራሽ ተዉን። ውሃ የሌለው ዳቦ ቤት ምን ይሠራል? ራሴ ስሄድ ይሸጡልኛል፤ ሮባ ሲሄድ አልቋል ይሉታል።

ሮባ መዝፈን አቆመ። ከዚያ መሳቅ አቆመ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሽርጡን አጥፎ ገበታው ላይ አስቀመጠና፣ "ጋሽ ታደሰ፣ እኔ ልሄድ ነው" አለኝ።

"ትንሽ ብንታገስ፣ ነገሌም እኮ ቀስ ብሎ ነው የለመደን።"

"ነገሌ ዳኪ አለች። ሰው ሲያንገሸግሸኝ እሷን አይቼ እስቃለሁ። እዚህ ከማን ጋር ልሳቅ? ሰዎቹ የሚመጡት ዳቦ ሊገዙ አይደለም፤ እኔን ሊያዩ ነው።"

እስከ መንገዱ ሸኘሁት። በመጀመሪያ ባገኘው የጭነት መኪና ወደ ሞያሌ ሄደ። እኔም ምድጃውን አጥፍቼ በሩን ዘጋሁ። በዕድሜዬ የተበተነ ሠራዊት አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አልከፋኝም።

ሃዳ ቦሩ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ሞያሌ ድረስ ሄደው ሮባን ፈለጉት፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ገበያው ውስጥ ጆንያ ሲያወርድ አገኘነው። ከሥራ ጓደኞቹ መሀል ቆመው፣ "ሮባ፣ ተሳስቻለሁ" አሉት። "ልትሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁህም። ለሰው ማሳያ አደረግሁህ። ሰው ማሳያ አይደረግም።"

ሮባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እርስዎን አልቀየምኩም" አለ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን አልመለስም። እዚህ ማንም ዋታ መሆኔን አያውቅም፤ ልረፍበት።" ሃዳ ቦሩ እጁን ሳሙ፤ እሱም እጃቸውን ሳመ። እንደተናገረው ሳይመለስ ቀረ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል፤ ምክንያቱም ከሁላችንም በላይ ምድጃ የሚወድ ሰው ነበር።

ነገሌ እንደተመለስን ሃዳ ቦሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው የሆነውን አንድ በአንድ ተናገሩ። ከዚያም ዳኪን፣ "ምን ማድረግ ነበረብን?" ብለው ጠየቋት። ዳኪ እንዲህ አለች፦ "ብቻውን ሰው አይላክ። ሁለት እንሁን። ሲቀጠርም ሁለት ሆነን እንግባ፤ አንዱ ሲያዝን አንዱ አለ። የትኛውን ሥራ እንደምንፈልግም እኛው እንናገር።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንባችን ይህ ሆነ። የዳኪ ደንብ እንለዋለን። በደንቡ መሠረት ከመጡት ሁለቱ አንዷ መሸጫው ላይ መቆም ፈለገች፤ ሌላው ከሰው ፊት ይልቅ እንጨት ፈለጣውን መረጠ። ሁለቱም የመረጡትን አገኙ።

ክረምት ሳይሆን ያለጊዜው ዝናብ የጣለበት አንድ ሰሞን ነበር። አቶ ገልገሎ ልጃቸውን ሊድሩ፣ ሰርጉ ነገ ሊሆን፣ ከወደራ ዳቦ የምታመጣው መኪና ጭቃ ይዟት ቀረች። ከሆቴላቸው ሰው ላኩ። በአንድ ከሰዓት ያን ሁሉ ዳቦ የሚያደርስ ከእኛ ሌላ አልነበረም። ሃዳ ቦሩ መልእክተኛውን አስቀመጡና ወደ ዳኪ ዞሩ።

"አንቺ ነሽ የምትወስኚው" አሏት።

ዳኪ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ እያሻሸች ቆየች። እኔ እምቢ እንድትል ፈልጌ ነበር። "ይጋገርላቸው" አለች በመጨረሻ። "ሙሽሮቹ ምን አደረጉኝ? ግን አቶ ገልገሎ ራሳቸው መጥተው ከእጄ ይውሰዱ።"

መልእክተኛው ሄደ። እኛ ሊጡን ጀመርን፤ ይምጡ አይምጡ ማንም አላወቀም። ያን ቀን እጁ ሊጥ ያልነካ አልነበረም፤ ሃዳ ቦሩ ራሳቸው ሲያድበለብሉ ዋሉ። የመጨረሻው ትሪ ከምድጃ ሲወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አቶ ገልገሎ ለሰርጉ ያሰፉትን ኮት ለብሰው፣ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ደረሱ። መሸጫው ፊት ቆሙ። ዳኪ አንድ ዳቦ አንስታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቆረሱና በሉ። እሷም አየቻቸው። "ገለቶማ" አሉ፤ በኦሮምኛ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሌላ ነገር አላሉም፤ እሷም ሌላ አልጠየቀቻቸውም። ከዚያ ሰርግ በኋላ ሆቴሉ ዳቦውን ከእኛ መግዛት እንደገና ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላም አቶ ገልገሎ ለሆቴላቸው አንድ ባልና ሚስት ከዋታ ሰፈር ቀጠሩ። የጋራዡ ባለቤትና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ተከተሉ። "ብቻውን ሰው አታስገቡ" ብላ እየዞረች የነገረቻቸው ዳኪ ናት። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ሃዳ ቦሩን ከዋታ ሠራተኞቹ ጋር ፎቶ ሊያነሷቸው ፈለጉ። "ፎቶ ካማራችሁ ዳቦውን አንሱት" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሃዳ ቦሩ የታመሙት እኔ ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። አልጋ ላይ ሆነው ልጃቸውን ቦሩንና ዳኪን ጠሩ። ዳቦ ቤቱን አብረው እንዲመሩት፣ ቦሩ ከባለቤትነቱ ዳኪም ከሥራው ሳይነቃነቁ፣ አደራ አሏቸው። ቦሩ በዚያ ምድጃ ሥር ያደገ ሰው ነው፤ አላንገራገረም። "ለቀብሬ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ያን ቀን ምድጃው እንዳይጠፋ" ማለታቸውንም ዳኪ ነገረችኝ።

የቀብራቸው ዕለት ጠዋት እንዳዘዙት ጋገርን። ከእኛ መሀል የቀመሰም አልነበረም። ለቅሶው ላይ ከወደራ፣ ከቦሬ፣ ከጦር ሰፈሩ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። የዋታ ሰፈር ሰዎች ከሃዳ ቦሩ ዘመዶች ጋር በአንድ ድንኳን ተቀምጠዋል። ዳኪ ትሪ ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ ስትሄድ ከመሀላቸው ኦቦ ዲዳን አየሁ። አርጅተዋል፤ በልጆቻቸው ተደግፈው ነበር የመጡት። ጣሳውን ከመለሱበት ቀን ወዲህ ከሃዳ ቦሩ ቤት ምንም ቀምሰው አያውቁም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ለቅሶ ላይ ዳኪን ሰው ፊት እንዳይመልሷት ፈርቼ ተጠጋሁ።

ኦቦ ዲዳ ዳቦ አነሱ። ጥርስ ስለሌላቸው ቀስ ብለው ነው የሚያላምጡት። ከዚያ ቀና አሉና፣ "ማነው የጋገረው?" ብለው ጠየቁ።

ዙሪያቸው የተቀመጠው ሰው ወደ ዳኪ ዞረ። ዳኪ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እኔ ነኝ፣ ኦቦ።"

ሽማግሌው አዩዋት።

"ጨው አንሶታል" አሏት።

እኔም ከትሪው አንድ ቁራሽ አንስቼ ቀመስኩ። እውነታቸውን ነበር።

"ኤዬ፣ አዎ ኦቦ፣ አንሶታል" አለች ዳኪ።

"ነገ አስተካክዪው" አሉና፣ ሌላ ቁራሽ እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።